ሰሊጥ ውስጥ የተጓዘው ላፕቶፕ

ላፕቶፑን ሰሊጥ በተሞላ ጆንያ ውስጥ ቀብሮ የሚጓዝ ጤነኛ ሰው አለ ወይ ብትሉኝ፣ አለ፤ እኔ ነኝ። ስሜ ስንዱ ይባላል። አትሳቁ። ወይም ሳቁ፣ ግድ የለም፤ መተማ ዮሐንስ ላይ ያልሳቀብኝ ሰው ስለሌለ እናንተ ብትጨመሩ ምንም አይጎድልብኝም።

ያን ጊዜ በመተማ ቆላ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ሰባተኛ ዓመቴ ነበር። ከሥራዬ ጎን ለጎን ለሁለተኛ ዲግሪ በርቀት እማራለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ሂላ ነበር። ሂላ የምንለው ታጭዶ የታሰረው የሰሊጥ ነዶ ተደጋግፎ ቆሞ የሚደርቅበትን ክምር ነው። ሰሊጥ ክፉ ጠባይ አለው፤ ሲደርቅ አፉን ይከፍትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። እኔም በስምንት ገበሬዎች ማሳ ላይ እየዞርኩ፣ የረገፈውን ስጠርግ፣ ስነፋና ስመዝን ሁለት የምርት ወቅት ከረምኩ። ሚዛኔ ትንሽ፣ ኩራቴ ትልቅ ነበር።

ጽሑፌን ፈታኞች ፊት ቀርቤ የምከላከልበት ቀን ሁለት ጊዜ ተላልፎብኛል፤ አንዱ በወባ፣ አንዱ በኔትወርክ። ሦስተኛው ቀጠሮ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በኢንተርኔት ሆነ። አማካሪዬ ደውለው፣ "ስንዱ፣ የተፈቀደልሽ ጊዜ በዚህ ሳምንት ያልቃል። ቅዳሜ ካልቀረብሽ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ነው። ፈታኞቹ ደግሞ የምዝገባ ሠንጠረዦችሽን አንድ በአንድ ስክሪን ላይ ማየት ይፈልጋሉ" አሉኝ። ሠንጠረዦቹ ያሉት ላፕቶፔ ላይ ብቻ ነበር። አንዱን ቅጂ የያዘውን ፍላሽ ቫይረስ ከበላው ሰንብቷል።

እኔ የምሠራበት ቀበሌ ኢንተርኔት ስለማይሠራ ወደ መተማ ዮሐንስ መሄድ ነበረብኝ። ቅዳሜ ጠዋት የአያ ጥጋቡን ሰሊጥ ጭኖ የሚሄድ መኪና ተገኘ። አያ ጥጋቡ ካጠናኋቸው ስምንት ገበሬዎች አንዱ ናቸው፤ በመዝገቤ ማሳቸው ቁጥር ስድስት ነው። ከሁለት ቃል በላይ ከተናገሩ ጥርሳቸው የሚረግፍ ይመስላቸዋል መሰለኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ማሳቸው ስመላለስ ከ"ደህና ዋልሽ" ሌላ ነገር አልሰማሁም።

አሁን ወደ ጅልነቴ እንግባ። የመጀመሪያውን ላፕቶፔን የገደለው የመንገዱ አቧራ ነው። ሁለተኛውን አላስበላም ብያለሁ። እናቴ ጎጃም ሳለች ወደ ከተማ እንቁላል የምትልከው ጤፍ ውስጥ ቀብራ ነበር፤ ያ ሁሉ ጉዞ ተጉዞ አንድም ሲሰበር አላየሁም። እንቁላል በጤፍ ከተጓዘ፣ ላፕቶፕ በሰሊጥ የማይጓዝበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህን ያሰበው ጭንቅላት ነው እንግዲህ ሁለተኛ ዲግሪ ሊይዝ የተነሣው።

በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ ግማሽ ጆንያ ሰሊጥ ውስጥ ስቀብረው አያ ጥጋቡ ቆመው አዩኝ።

"ምንድን ነው?" አሉ።

"ላፕቶፔ ነው አያ። ለአቧራው ብዬ ነው።"

"እህ" አሉ። በእሳቸው ቋንቋ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

የጆንያውን አፍ በቀይ ገመድ አሰርኩና ከሌላው ጭነት ላይ አስቀመጥኩት። ከአያ ጥጋቡ ጋር ተሳፍረን መተማ ዮሐንስ አራት ሰዓት ላይ ደረስን። መኪናው ወደ መጋዘኑ ግቢ ሲገባ እኔ ካርድ ልገዛና ኔትወርኩን ልሞክር ወረድኩ። ለሹፌሩ፣ "ጆንያዬን አደራ" አልኩት። ጆንያ በጆንያ ለተሞላ መኪና ሹፌር "ጆንያዬን አደራ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ስመለስ መኪናው ባዶ ነበር።

የወዛደሮቹ አለቃ አደም ይባላል። ቁመቱ የመጋዘኑን በር የሚያክል፣ ሳቁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነው።

"አንዲት ግማሽ ጆንያ ነበረች፣ በቀይ ገመድ የታሰረች" አልኩት።

"እሷማ! ቀላል ስለሆነችልኝ እንደ ኳስ ነው የወረወርኳት። ያችውልሽ!"

ወደ ክምሩ ጠቆመኝ። ጆንያዬ ከታች ሆና በላይዋ አራት ኩንታል ተደርድሮባታል፤ በኩንታሉ ላይ ደግሞ አንድ ወዛደር ተቀምጦ ሙዝ ይልጣል።

"ውስጧ ላፕቶፕ አለ!" ብዬ ጮህኩ።

ባለ ሙዙ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

"ሰሊጥ ውስጥ?" አለ አደም።

"አዎ፣ ሰሊጥ ውስጥ!"

"ምን ሊሠራ?"

ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ስለሌለኝም ጮህኩበት። ዓይንህ የት ነበር፣ እጅህ ይሰበር፣ ያላልኩት የለም። ያ ግዙፍ ሰው አንገቱን ደፍቶ ኩንታሎቹን አንድ በአንድ አነሣና ጆንያዋን እንደ ሕፃን አቅፎ አወጣልኝ።

ፌስታሉ ተቀዷል። ላፕቶፑን ስከፍተው ሰሊጥ ፈሰሰ። ቁልፉን ስጫን መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ግን ከአንዱ ጥግ እንደ ፈሰሰ ቀለም ጠቁሮ ቀሪው ቀይና አረንጓዴ መስመር ብቻ ሆነ። ውስጡም ክርርር ይላል። እዚያው ኩንታል ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ዓመት የጠረግሁት መሬት፣ የተቀበልኩት ፀሐይ፣ ሁሉም ከዚያ ጥቁር ነገር ጀርባ ቀረ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን የምለቅመውም አልታየኝም።

"ወላሂ አላወቅሁም እኅቴ" አለ አደም። "ተነሺ፣ ዘሀራ ጋ እንሂድ። ዘሀራ ያላዳነችው ካለ እሱ ቀኑ ደርሶ ነው።"

ዘሀራ ስልክና ኮምፒዩተር ጠጋኝ ናት። ሙያውን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተምራ የተመለሰች፣ እኩያዬ የምትሆን ሴት ናት፤ መፍቻዋን ከሻርፗ ሥር ጆሮዋ ላይ ትሰካለች። ላፕቶፑን ገልብጣ ስታራግፈው ጠረጴዛዋ ነጭ ሆነ።

"ይሄ ላፕቶፕ ነው ቁና?" አለች። ከዚያ አንዲት ፍሬ አንሥታ አኘከችና፣ "ጥሩ ሰሊጥ ነው" አለች።

"ዘሀራ፣ በሞቴ አትቀልጂብኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈተና አለብኝ።"

"እሺ፣ እሺ። በሽተኛው ይታይ።"

መጀመሪያ አጠፋችው። "ሰሊጥ ውስጡ እያለ ማስነሣት ክልክል ነው" ብላ ጀርባውን ፈታች፣ በብሩሽ ጠረገች። ክርርር ይል የነበረው ማራገቢያው ነበር፤ አንዲት ፍሬ ገብታበት ነው። እሷን በወረንጦ አወጣችልኝ። ቀጥላ የስክሪኑን ጠርዝ ፈታ ከጀርባው ያለውን ስስ ገመድ ነቅላ መልሳ ሰካች። "ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው የሚላቀቀው። እሱ ከሆነ ዳንሽ" አለች። አስነሣችው። ያው ጥቁር፣ ያው መስመር። ነቅላ ደግማ ሰካች። ያው ነው።

"ኸላስ፣ አበቃ" አለች። "ገመዱ ደህና ነው። የተሰበረው ራሱ ስክሪኑ ነው። የዚህ ዓይነቱ እዚህ የለም፤ ከጎንደር ቢመጣም ሰኞ፣ ማክሰኞ ነው።"

እንባዬ መጣ። አደም ፊቱን አዞረ።

"ምን ያስለቅስሻል?" አለች ዘሀራ ተቆጥታ። "ይችን መብራት እዪ።" የትልልቅ ፊደሉን ቁልፍ ስትጫነው ቁልፉ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት በራች፤ ደግማ ስትጫነው ጠፋች። "ስትነካው ይሰማል። ዓይኑ ነው እንጂ የታወረው ልቡ ደህና ነው። ሌላ ዓይን እንፈልግለት። ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ካገኘን በገመድ እናገናኘዋለን።"

የእሷ ቤት ቴሌቪዥን ሳጥን የሚያክል የድሮ ነው፤ ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ የለውም።

"ኳስ ቤት!" አለ አደም።

ኳስ ማሳያ ቤቱ የዘሀራ ታላቅ ወንድም የኑሩ ነው። ከከተማው ሁሉ ትልቁ ቴሌቪዥን እዚያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ኑሩ ግን ሰምቶን ሳይጨርስ እጁን አወናጨፈ።

"ዛሬ? ዛሬ እኮ የሳምንቱ ትልቅ ጨዋታ ነው! ዘጠኝ ተኩል ይጀምራል። ወዛደሩ፣ ሹፌሩ፣ ባጃጁ ሁሉ እዚህ ነው። ስለ ሰሊጥ ትምህርት ልክፈትላቸው? ይሰቅሉኛል!"

"ወዛደሩን ለእኔ ተወው" አለ አደም። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የሚሰቀል ካለ እኔ ልሰቀል።"

"አንተን የሚችል ገመድ የት ይገኛል?" አለች ዘሀራ። ኑሩ ሲስቅ ሳየው እሺ እንዳለ ገባኝ።

ገመዱን ስንሰካ ሰባት ተኩል ሆኖ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ የሂላ ፎቶ ወጣ፤ የላፕቶፔ የጀርባ ሥዕል ነው። እልል ልል ስል ዘሀራ፣ "ቆይ" አለች። ፎቶው ብቻ ነው ያለው፤ ፋይል የለም፣ ምንም የለም። ማውሱን ሳንቀሳቅስ ቀስቷ ወደ ጠርዝ ሄዳ ጠፋች።

"የት ገባች?"

"ድንበር ተሻግራለች" አለች ዘሀራ። "ላፕቶፑ ሁለት ስክሪን ያለው መስሎት አንድ አገር አድርጎ ዘርግቷቸዋል። ፋይልሽ ሁሉ የተከፈተው በዚያ በጨለማው በኩል ነው። ሁሉንም ወደዚህ ማሻገር አለብን።"

የመስኮት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛ 'ፒ' የምትባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ተጫነች። ምርጫው የሚወጣው በሞተው ስክሪን ላይ ስለሆነ የምታደርገው በግምት ነው። አንዴ ሞከረች፤ ቴሌቪዥኑ ጭራሽ ጨለመ። ልቤ አብሮ ጨለመ። ኑሩ፣ "ቴሌቪዥኔን ገደላችሁት!" ብሎ ከወንበሩ ዘለለ። "ዝም በል፣ እየቆጠርኩ ነው" አለች። እንደገና ይዛ ተጫነች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጥራ አጸደቀች። ቴሌቪዥኑ ብልጭ አለና ፋይሎቼ፣ ሠንጠረዦቼ፣ ስምንቱም ማሳዎቼ ግድግዳውን ሞልተው ወጡ። እያንዳንዱ ቁጥር የእጅ መዳፍ ያህላል። ዘሀራን አንገቷን አቅፌ ሳምኳት። መፍቻዋ ጉንጬን ወጋኝ፤ እሱም ደስ አለኝ።

ስምንት ተኩል ላይ ሰው መምጣት ጀመረ። አደም በሩ ላይ ቆሞ ለመጣው ሁሉ፣ "የመጀመሪያው አጋማሽ ዛሬ የስንዱ ነው። ማጉረምረም የፈለገ ወደ እኔ ይምጣ" ይላል። ወደ እሱ የሄደ የለም። ኢንተርኔቱን ከስልኬ ስከፍተው ምስሉ ይቆራረጣል። ኑሩ ተነሥቶ፣ "ጎበዝ፣ ሁላችሁም ዳታችሁን ዝጉ! ኔትወርኩን ለእሷ ልቀቁላት!" ሲል ያ ሁሉ ሰው ስልኩን አውጥቶ ዘጋ። ወሬ የለመደ ከተማ ለእኔ ሲል ዳታ ሲዘጋ እንዴት አላለቅስ?

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሦስት ፈታኞችና አማካሪዬ ግድግዳው ላይ ወጡ። የላፕቶፑ ካሜራ አልተጎዳም ነበርና እነሱም እኔን ያያሉ።

"ስንዱ፣ ከኋላሽ ያሉት እነማን ናቸው?" አሉ አማካሪዬ።

ዞር ስል አንድ ቤት ሙሉ ወዛደር እጁን አጣምሮ ተቀምጧል።

"ሰሊጥ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው" አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ጀመርኩ። ስለ ሂላ ሳወራ ከኋላዬ "እውነት ነው" ይባላል፤ ስለሚረግፈው ሰሊጥ ስናገር "ውይ ውይ" ይባላል። በመሀል አያ ጥጋቡ በሩ ላይ ታዩኝ። ከጆንያዬ የፈሰሰውን ሰሊጥ ለቅመው፣ አፉን ሰፍተው ሊሰጡኝ ሲፈልጉኝ ነው የመጡት። ጆንያውን እግራቸው ሥር አድርገው ከኋላ ተቀመጡ።

ጥያቄው መጣ። አንደኛው ፈታኝ ኮስታራ ፕሮፌሰር ነበሩ።

"ሠንጠረዡን ወደ ታች አውርጂው። እዚያ ላይ። ስድስተኛው ማሳ። የሌሎቹ ሰባቱ ተቀራራቢ ነው፤ የዚህ ብክነት ግን ከእነሱ ግማሽ እንኳ አይሞላም። በሁለቱም ዓመት። አፈሩ ያው፣ ዘሩ ያው፣ ዝናቡ ያው። ለምን?"

"እ... ልዩነቱ ምናልባት..." አልኩ።

"ምናልባት አልጠየቅሁሽም። ይህን ማሳ በእርግጥ መዝነሽዋል? ወይስ ቤትሽ ተቀምጠሽ የሞላሽው ቁጥር ነው?"

መዝኛለሁ! በገዛ እጄ፣ እየደጋገምኩ መዝኛለሁ። ለምን ዝቅ እንዳለ ግን አላውቅም። አማካሪዬ አንገታቸውን ደፉ። ስክሪኑን አተረፍን ብዬ ስፈነድቅ የውሸታም ስም ይዤ ልወጣ ነው ብዬ አሰብኩ።

"ስድስተኛው የኔ ነው" አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

አያ ጥጋቡ ነበሩ። ጆንያውን ትተው በሰዉ መሀል አልፈው መጡና ጥምጥማቸውን አስተካክለው ቴሌቪዥኑን እጅ ነሡ።

"ማን ናቸው?" አሉ ፕሮፌሰሩ።

"ባለ ማሳው ነኝ ጌታው። ልጅቷ አልዋሸችም። ስትመዝን ቆሜ አይቻለሁ። የኔ የማይረግፈው ሂላዬን ነፋሱን አይቼ ስለማቆመው ነው። ጎረቤቶቼ ለመኪና እንዲመች ብለው መንገዱን ተከትለው ያቆሙታል፤ ነፋሱ ጎኑን ይመታዋል፣ ያወዛውዘዋል፣ ሲያወዛውዘው ይረግፋል። የኔን ነፋሱ ጫፉን ነው የሚያገኘው። ደግሞም ነዶውን የምነካው ጠዋት፣ ጤዛው ሳይለቀው ነው። ፀሐይ ከወጣች እጄን አላሳርፍበትም። አባቴ እንዲህ ሲያደርግ አይቼ ነው።"

እኔ በሁለት ዓመት ያልሰማሁትን ያህል በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ።

"ለባለሙያዋ ይህን ነግረዋታል?" አሉ ፕሮፌሰሩ፤ ድምፃቸው ለስልሷል።

"መቼ ጠየቀችኝ?" አሉ አያ ጥጋቡ። "ትመጣለች፣ መሬቱን ትጠርጋለች፣ ትመዝናለች፣ ትጽፋለች፣ ትሄዳለች። እኔም ጎበዝ ሠራተኛ ናት፣ ሥራ አላስፈታት ብዬ ዝም አልኩ።"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አደም ወንበር ሲደበድብ ይሰማኛል። ፕሮፌሰሩም ሳቁ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ግን ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

"ስንዱ፣ መልስሽ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"እውነታቸውን ነው" አልኩ። "ሰሊጡን መዘንኩ እንጂ ሰውየውን አልጠየቅሁም።"

ለመመካከር ብለው ከግድግዳው ወጡ። ኳሱ ተጀምሯል። ኑሩ ሪሞቱን አንሥቶ፣ "በዚህ መሀል ትንሽ ኳስ እንይ?" ቢል ከቤቱ ሙሉ "ተው!" የሚል ጩኸት ተነሣበት። "ውጤቱ ሳይነገር ማንም ጣቢያ አይቀይርም!" አለ ያ ባለ ሙዙ ወዛደር። አደም ሰዓቱን እያየ፣ "ተጨማሪ ሰዓት ነው፣ ታገሡ" ይላል። ዘሀራ እጄን ይዛኛለች።

ተመለሱ። ፕሮፌሰሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አልፈሻል" አሉ። "ነገር ግን በአንድ ግዴታ ነው። ስድስተኛውን ማሳ እንደገና ትጽፊዋለሽ። ባለ ማሳው አጠገብ ተቀምጠሽ።"

ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም። እልልታና ፉጨት አንድ ላይ ሆነ። አደም አንሥቶ ትከሻው ላይ ሊያደርገኝ ሲመጣ፣ "ተው፣ በኋላ ደግሞ ትወረውረኛለህ!" ብዬ ሸሸሁ። ስንስቅ ሳለን ጠዋት የተናገርኩት ሁሉ ትዝ አለኝ።

"አደም፣ ይቅር በለኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር" አልኩት።

"ኧረ ተይው። ግን እኅቴ፣ ለወደፊቱ በጆንያው ላይ ጻፊበት።"

ሁለተኛውን አጋማሽ አብሬያቸው አየሁ። ኳስ አላውቅም፤ ሰው ሲጮህ እጮሃለሁ። አያ ጥጋቡም ከአጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ በየመሀሉ "የኛ የትኛው ነው?" ይሉኛል።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ያ ቀን ከወረቀቱ ይልቅ የለወጠው እኔን ነው። ተከታታይ ሦስት ጠዋት አያ ጥጋቡ ማሳ ላይ፣ በጤዛ፣ ተቀምጬ ጠየቅኋቸው። ለካ ዝምተኛ ሰው አልነበሩም፤ ጠያቂ ነው ያጡት። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ሰባት ገበሬዎች ሄድኩ። እያንዳንዳቸው ጋ ሚዛኔ ያልያዘው ነገር ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ለገበሬ ላስተምር ነበር የምሄደው፤ ምን ያህል እንዳመለጠኝ ሳስበው ያንገበግበኛል። እናንተም ሥራችሁ ምንም ይሁን ምን፣ ቁጥሩን የምታውቁትንና ድምፁን የማታውቁትን ሰው አንድ ቀን ጠይቁት።

ዘሀራ በሳምንቱ ስክሪኑን ከጎንደር አስመጣችልኝ። እስከ ዛሬ አላስገጠምኩትም። "ሥራ አትወጂም እንዴ?" ትለኛለች። እወዳለሁ። ግን ስክሪን ከገጠምኩ ብቻዬን ጥግ ይዤ መጻፍ ልጀምር ነው። አሁን ቅዳሜ ጠዋት፣ ኳስ ሳይኖር፣ ኑሩ ቤቱን ይከፍትልኛል፤ ዕውሩን ላፕቶፔን ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ እሰካለሁ፤ ለገበያ የመጣው ገበሬ ገብቶ ይቀመጣል። ማንበብ የማይችል ስላለ ጽሑፌን ጮክ ብዬ እያነበብኩ እጽፋለሁ፤ የተሳሳተውን እነሱ ያርሙኛል።

ባለፈው ቅዳሜ፣ "ገበሬው ሂላውን የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ ያቆማል" ብዬ ጻፍኩ። አያ ጥጋቡ ከኋላ ወንበር ሆነው፣ "የትኛው ገበሬ?" አሉ።

"ገበሬው" የሚለውን አጠፋሁ። በምትኩ "አያ ጥጋቡ" ብዬ ጻፍኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ግድግዳው ላይ ያለውን፣ የእጅ መዳፍ የሚያህለውን ስማቸውን ቀና ብለው ተመለከቱት።

"እህ" አሉ።